«ፈቺ ዕውቀት»፦ ከቡድሃ ፍልስፍና የመጣ አንድ ፅንሰ ሐሳብ በአማርኛ ሲሰየም

የቡድሃን ትምህርት የሚመለከቱ መጻሕፍት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ተርጓሚውን ይበልጥ የሚያስቸግሩት እንግዶቹ ስሞች አይደሉም። እንግዳ ስም ባይተረጐምም በፊደል ይጻፋል፤ አንባቢም እንግዳ መሆኑን ዐውቆ ይቀበለዋል። አስቸጋሪው «ዕውቀት» የሚለው የዘወትር ቃል ነው። በዚያ ፍልስፍና ሰው በሥቃይ ታስሮ የሚኖረው ባለማወቁ ነው፤ ከእስራቱ የሚወጣውም በማወቁ ነው። ማወቁ ደግሞ ለመውጫ የሚያገለግል መሣሪያ ብቻ አይደለም፤ ነገሩን እንደ ሆነው አድርጎ ማየትና ከነገሩ መላቀቅ እንደ አንድ ድርጊት ይቈጠራሉ። ይህን ፅንሰ ሐሳብ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ሲመልሱት «ነጻ አውጪ ዕውቀት» ማለት ይቀናል። ስያሜው ለጆሮ እንግዳ አይደለም፤ ጉዳቱም ከዚሁ ይመነጫል፤ አንባቢው የሚያውቀውን ሌላ ነገር ይዞ ያልፋልና።

በዚህ ጽሑፍ «ነጻ አውጪ» ለምን እንደማይስማማ እናሳያለን፤ በምትኩም «ፈታ» ከሚለው ግስ የወጣ ስያሜ እናቀርባለን። ማስረጃውን በይበልጥ የምንሰበስበው ከላስታና ከአጎራባቹ ከዋድላ ነው። ለፍልስፍና የሚሆኑት የአማርኛ ቃላት አብዛኞቹ የቤተ ክህነት ቃላት ናቸው፤ እነዚህም ቃላት በሰሜን ወሎ ደጋ በመዝገበ ቃላት ብቻ ሳይሆን በዓለት ሥራ፣ በገድልና በቅኔ ቤት በአገልግሎት ላይ ውለው ይታያሉ። ከዚያ በፊት ግን የቡድሃ ታሪክ አንድ ጊዜ ወደ አገራችን መጥቶ እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል።

ታሪኩ ደረሰ፤ ቃሉ ቀረ

በግዕዝ ሥነ ጽሑፍ «በረላም ወይዋስፍ» የሚባል መጽሐፍ አለ። ከዐረብኛ የተረጐመው ዕንባቆም ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ መንግሥት ነው። ዕንባቆም የመን ተወልዶ ወደ ኢትዮጵያ የመጣ፣ ክርስትናን ተቀብሎ የደብረ ሊባኖስ እጨጌ እስከ መሆን የደረሰ፣ «አንቀጸ አሚን» የተባለውንም መጽሐፍ ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የጻፈ ሊቅ ነው። የኢማሙ ሠራዊት በ1530ዎቹ ላሊበላ መድረሱን «ፉቱሕ አል ሐበሻ» ይተርካል፤ ስለዚህ ትርጉሙ የተሠራው ገዳማት ከተቃጠሉበትና መጻሕፍት ከጠፉበት ዘመን ብዙ ሳይርቅ ነው። በዚያ ወቅት መንግሥቱን ትቶ የሚመንን ልዑል ታሪክ ለንጉሥ መተርጐሙ ልብ የሚባል ነው። የግዕዙን ጽሑፍ ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ዋሊስ በጅ በ1923 በካምብሪጅ አሳትሞታል።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ይዋስፍ የሕንድ ንጉሥ ልጅ ነው። አባቱ ሥቃይን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳድገዋል፤ ልጁ ግን ወጥቶ በሽተኛ፣ ዕውርና ያረጀ ሰው ያያል። በረላም የተባለ መናኝ ነጋዴ መስሎ፣ ውድ ዕንቍ ይዣለሁ ብሎ ይገባና ያስተምረዋል፤ ይዋስፍም በመጨረሻ ዙፋኑን ትቶ በረላምን ፍለጋ ወደ በረሓ ይወጣል። ይህ ታሪክ የሲድሃርታ ጎታማ፣ ማለት የቡድሃ፣ የሕይወት ታሪክ መሆኑን በ1859 ፈረንሳዊው ኤድዋር ላቡላይ፣ በ1860 ደግሞ ጀርመናዊው ፌሊክስ ሊብሬክት አሳይተዋል።

ለቋንቋ ተመራማሪ ይበልጥ የሚጥመው የስሙ ጉዞ ነው። በሳንስክሪት «ቦዲሳትቫ» ማለት ወደ መንቃት የሚጓዝ ፍጡር ማለት ነው፤ ሥሩ «ቡድ» ሲሆን ትርጉሙ «ነቃ» ነው። ቃሉ በኢራን ቋንቋዎች በኩል አልፎ በዐረብኛ «ቡዳሳፍ» ሆነ። በዐረብኛ ጽሕፈት በቃል መጀመሪያ ላይ «ባ»ን ከ«ያ» የሚለየው የነጥቡ ቍጥር ነው። ከሥሩ አንድ ነጥብ የነበረው ፊደል ሁለት ነጥብ ሲያገኝ «ቡዳሳፍ» «ዩዳሳፍ» ተብሎ ተነበበ። ጆርጂያውያን ታሪኩን በዚህ ስም ተቀብለው ክርስቲያናዊ መልክ ሰጡት፤ በአቶስ ተራራ የነበረው ጆርጂያዊው መነኵሴ ኤፍቲምዮስ (ያረፈው በ1028 ነው) ወደ ግሪክኛ እንደ መለሰው ይታመናል፤ በግሪክኛም «ዮአሳፍ» ተባለ። ከግሪክኛ ወደ ክርስቲያን ዐረቦች፣ ከእነርሱም ወደ ዕንባቆም ሲደርስ «ይዋስፍ» ሆነ። የመንቃትን ትርጉም የተሸከመው ሥር በአንዲት ነጥብ ምክንያት ከስሙ ተፍቆ ወጣ ማለት ነው።

ከስሙ ጋር የጠፋው ፅንሰ ሐሳቡም ነው። በሕንዱ ታሪክ ሲድሃርታ ሁለት መምህራንን ከተከተለ በኋላ ትቷቸው፣ ዛሬ ቦድ ጋያ በሚባለው ስፍራ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ በገዛ ራሱ ማስተዋል ነቃ። በግዕዙ መጽሐፍ ግን ዕውቀት ከበረላም አፍ ይመጣል፤ ይዋስፍ ያምናል፤ ይጠመቃል። መተላለፉ በክርስትና ዐይን ፍጹም ትክክል ነው፤ የማወቅን ቦታ እምነት ይዞታል። ስለዚህ ዕንባቆም «ቦዲ»ን የሚያህል ቃል እንዲፈልግ አልተገደደም፤ ከፊቱ በነበረው ዐረብኛ ፅንሰ ሐሳቡ አልነበረምና። የዛሬ ተርጓሚ ጥንታዊ አርአያ አገኘሁ ብሎ ወደዚህ መጽሐፍ ቢሄድ ምሳሌዎችን እንጂ ስያሜን አያገኝም።

ከምሳሌዎቹ አንዱ ወደ ላስታ ያደርሰናል። ከአውሬ የሚሸሽ ሰው ገደል አፍ ላይ ባለች ዛፍ ተንጠልጥሏል፤ ሥሯን ነጭና ጥቍር አይጦች ይግጣሉ፤ እርሱ ግን ከቅርንጫፏ የምትንጠባጠብ የማር ጠብታ ሲልስ አደጋውን ሁሉ ይረሳል። ምሳሌው መነሻው ሕንድ ነው፤ አይጦቹ ቀንና ሌሊት ናቸው፤ ማሩም የመርሳት ምልክት ነው።

ንብ ምን ዐወቀች?

በነጭ ማሩ በታወቀው በላስታ ግን ማርና ንብ ሌላ ትርጉም አላቸው። ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ ንቦች እንደ ከበቡት፣ ስሙም ንብ ጸጋውን ዐወቀ ማለት እንደ ሆነ በገድሉ ይተረካል፤ አገሬው በበኩሉ «ላል» ማለት በአገውኛ ማር ነው እያለ ስሙን «ማር ይበላል» ብሎ የሚፈታበት ጊዜም አለ። ከላሊበላ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በብልባላ ጊዮርጊስ ንቦች በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይኖራሉ፤ ማራቸውም አእምሮው ለታወከ ሰው ፈውስ እንደሚሆን ይታመናል። በአንዱ ወገን ማር ማወቅን ያስረሳል፤ በሌላው ወገን ንብ ታውቃለች፣ ማሯም አእምሮ ትመልሳለች። የበረላምን ምሳሌ ለላስታ ሰው የሚተርክ ይህን ልዩነት ቢያስብበት ይጠቀማል።

የእኛ ጉዳይ ግን በስሙ ትርጓሜ ውስጥ ያለው ግስ ነው። ግዕዙ «አእመረ» ይላል፤ በአማርኛ «ዐወቀ» እንላለን። ሁለቱ እኩል አይደሉም። «አእመረ» ከ«አመረ» (አመለከተ፣ አሳየ) ጋር ዝምድና አለው፤ «ትእምርት» (ምልክት) የሚለውም ከዚሁ ቤት ነው። ንቢቱ ምልክት አይታ ለየች እንጂ ትምህርት አልተማረችም። የአማርኛው «ዐወቀ» ደግሞ ከግዕዙ «ዖቀ» ጋር ይዛመዳል፤ በትእዛዝ አንቀጽ «ዑቅ» ሲባል «ተጠንቀቅ፣ ልብ በል» ማለት ነው። መጠንቀቅና ማወቅ በአንድ ሥር መገናኘታቸው ልብን ነቅቶ መጠበቅን የማወቅ ደጃፍ ለሚያደርገው ለቡድሃ ትምህርት የተመቸ ነው፤ ዛሬ አማርኛ ተናጋሪ «ዐውቃለሁ» ሲል መጠንቀቁን እንደማይሰማ ግን መዘንጋት የለበትም። ሥረ ቃል ለስያሜ ድጋፍ ይሆናል እንጂ አገልግሎትን አይተካም።

ከዚህ ይልቅ በተግባር የሚያሰናክለው «አእምሮ» ነው። በግዕዝ «አእምሮ» ዕውቀት ማለት ነበር። በአማርኛ ግን የሚያውቀው ክፍል፣ ማለት ኅሊናና ልቡና፣ ሆኗል። ግዕዝ አዋቂ የሆነ ተርጓሚ የፓሊውን «ኛና» (ዕውቀት) «አእምሮ» ቢለው፣ አንባቢው «ቺታ» (ልብ፣ አእምሮ) ብሎ ይረዳዋል። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፤ ጥንታዊዎቹ ጽሑፎች «ልብ ሲፈታ» እና «በማስተዋል ሲፈቱ» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በሁለት ስም ይጠሯቸዋል፤ «ቼቶቪሙቲ» እና «ፓኛቪሙቲ»። «አእምሮ» በሁለቱም ቦታ ከገባ ልዩነቱ ይጠፋል።

አሉታው ግን መልካም ዕድል አለው። በዚያ ፍልስፍና የእስራት ሁሉ መነሻ «አቪጃ» ነው፤ አሥራ ሁለት ማያያዣ ያለው የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ከእርሱ ጀምሮ እስከ እርጅናና ሞት ይወርዳል። ቃሉ የአሉታ «አ» እና «ቪጃ» (ዕውቀት) ናቸው። በግዕዝ «ኢያእምሮ»፣ በአማርኛ «አለማወቅ» ስንል በዚያው ስልት፣ ዕውቀትን በአሉታ ምዕላድ ጀምረን፣ እንገነባለን። ትክክለኛውን አቻ አማርኛ በነጻ አግኝቶታል። እዚህ ላይ «ድንቁርና» ማለት ስሕተት ነው። ድንቁርና ስድብ አለው፤ የትምህርትም ጉድለትን ያመለክታል። «አቪጃ» ግን እጅግ የተማረ ሰው ውስጥ ይኖራል፤ ያልፋል የተባለውን ነገር ዘላቂ አድርጎ ማየት ነውና።

ብርሃን ወይስ ንቃት?

ተሳላሚ ላሊበላ ሲገባ ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወገን ወደ ቤተ መርቆሬዎስ በሚያደርሰው የዋሻ መንገድ ያልፋል። መንገዱ ፍጹም ጨለማ ነው፤ የሲኦል ምሳሌ ነው ተብሎ ይነገራል፤ መብራት ሳይዙ ግድግዳውን በእጅ እየዳሰሱ ማለፍ የተለመደ ነው። ከዚያ ሲወጣ ዐይኑን የሚወጋው ብርሃን የመዳን ምሳሌ ይሆንለታል። ለዚህ ሰው መንፈሳዊ ዕውቀት ማለት ብርሃን ነው። ስለዚህም «ቦዲ» በእንግሊዝኛ በተለመደው አተረጓጐም የመብራት ስም ይዞ ሲመጣ «አብርሆት» መባሉ በቀላሉ ይስማማዋል። ቃሉም ከመጻሕፍት ወጥቶ አደባባይ ውሏል፤ በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2022 የተከፈተው ትልቅ ቤተ መጻሕፍት «አብርሆት» ይባላል።

ነገር ግን «ቦዲ» ብርሃን ማለት አይደለም። ሥሩ ከእንቅልፍ መንቃት ነው፤ «ቡድሃ»ም «የነቃው» ማለት ነው። «አብርሆት» የሚለው የሕንዱ ቃል ትርጉም ሳይሆን የእንግሊዝኛው ቃል ትርጉም ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል ደግሞ የአውሮፓን የ18ኛ መቶ ዓመት የአስተሳሰብ ንቅናቄ ይጠራል። በሦስተኛ ቋንቋ በኩል ሲተረጐም እንዲህ ያለ ነገር ይደርሳል፤ የ«ይዋስፍ» ነጥብም የደረሰባት ይኸው ነው። እርግጥ የመጀመሪያው ስብከት የተባለው የሳርናት ንግግር የመንቃቱን ፍሬ ሲዘረዝር ዐይንን፣ ዕውቀትን፣ ማስተዋልንና ብርሃንንም አብሮ ይጠራል፤ ብርሃን ለትምህርቱ ባዕድ ነው ማለታችን አይደለም። ብርሃን በዚያ ዝርዝር ውስጥ ከአምስቱ አንዱና የመጨረሻው ነው፤ ስለዚህ «ቦዲ»ን ብርሃን ያለ ተርጓሚ እዚያ ሲደርስ ለ«አሎካ» (ብርሃን) ሌላ ቃል ፍለጋ ይቸገራል።

ታዲያ «ንቃት» እንበለው? እዚህም ሁለት መሰናክል አለ። አንደኛው የድምፅ ታሪክ ነው። ግዕዝ «ነቅሀ» (ከእንቅልፍ ነቃ) እና «ነቅዐ» (ተሰነጠቀ፣ ፈለቀ) የሚሉ ሁለት ግሶች ነበሩት፤ አማርኛ የጕሮሮ ድምፆቹን ሲጥል ሁለቱም «ነቃ» ሆኑ። ሰው ይነቃል፤ እንስራም ይነቃል። በላሊበላ ዓለት ላይ የሚታየውን፣ የዝናብ ውሃ እየገባ የሚያሰፋውን፣ በ2008 በአንዳንዶቹ አብያተ ክርስቲያናት ላይ መጠለያ እንዲሠራ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱን፣ «ንቃቃት» እንለዋለን። ይህ ከሁኔታው ስለሚለይ ብዙ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሁለተኛው ነው። በ1966 ዓ.ም. አብዮት ወዲህ «ንቃት» የፖለቲካ ቃል ሆነ፤ «ማንቃት፣ ማደራጀት፣ ማስታጠቅ» የሚለውን መፈክር የሰማ ትውልድ «የነቃ» ሲባል መደብን የለየ ሰው ይታየዋል። የዛሬው የከተማ ወጣት ደግሞ «ነቄ» ሲል የማይታለል ብልጥ ሰው ማለቱ ነው። በእኛ አስተያየት እነዚህ ሁለቱም የጊዜ ልብሶች ናቸው፤ ይወልቃሉ። ስም አድርጎ «ንቃት» ከማለት ይልቅ ግሱን ተከትሎ «መንቃት» ማለት ከመፈክሩ በመጠኑ ያርቃል፤ ድርጊቱም አንድ ጊዜ የሚሆን መሆኑን ያሳያል።

ስለ «ጥበብም» አንድ ቃል እንበል። «ፓኛ» በብዛት «ጥበብ» ይባላል። በላሊበላ ጥበብ ስንል ከአንድ ወጥ ዓለት ቤት የፈለፈለ እጅ ይታየናል፤ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የተሸመነውም ጥበብ ነው፤ ጠቢብ ሲባል ሰሎሞን ይመጣል። ጥበብ የሚያዝ፣ የሚወረስ፣ የሚሠራበት ነገር ነው። «ፓኛ» ግን ነገሩን ወደ ውስጡ ዘልቆ የማየት ድርጊት ስለ ሆነ «ማስተዋል» ይቀርበዋል።

ከ«ነጻ» ወደ «ፈታ»

አሁን ወደ ዋናው እንመለስ። «ቪሙቲ» (በሳንስክሪት «ቪሙክቲ») ለሚለው ቃል አማርኛ ሦስት አሮጌ መንገድ አለው።

የመጀመሪያው «ግዕዛን» ነው። በግዕዝ «ግዑዝ» ማለት ጨዋ፣ በራሱ ፈቃድ የሚያድር ሰው ነበር፤ በአማርኛ ግን ግዑዝ ሕይወት የሌለው ዕቃ ሆኗል። ይህ መንገድ ተዘግቷል። ሁለተኛው «አርነት» ነው፤ ከ«ሐራ» የመጣ፣ ከባርነት መውጣትን የሚናገር መልካም ቃል ነው። በአማርኛ ወንጌል በዮሐንስ ምዕራፍ 8 እውነትና አርነት አብረው ስለሚጠሩ ተርጓሚን በጣም ይስባል። ነገር ግን በትክክል ስለዚህ ነው የማይሆነው፤ አንባቢው ቃሉን ባየ ጊዜ ያን ምዕራፍ ያነባል፤ አርነት አውጪም አለው፣ እርሱም አካል ነው። የዕንባቆም መጽሐፍ በታሪኩ ላይ ያደረገውን እኛ በቃሉ ላይ እንደግመዋለን ማለት ነው።

ሦስተኛው «ነጻ» ነው። «ነጻ» ከ«ነጽሐ» (ጠራ፣ ንጹሕ ሆነ) የወጣ ነው። በቡድሃ ትምህርት ንጽሕና፣ «ቪሱዲ»፣ ራሱን የቻለ ሌላ ፅንሰ ሐሳብ ስለ ሆነ «ነጻ»ን ለ«ቪሙቲ» ብንሰጥ ሁለቱ ይቀላቀላሉ። ከዚህም በላይ «ነጻ አውጪ» የሚለው ጥምረት ከ1960ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ ጠመንጃ የያዘ ግንባር ስም ሆኗል። «ነጻ አውጪ ዕውቀት» የሚለውን ርእስ ያየ አንባቢ የትግል መጽሐፍ አገኘሁ ቢል አይፈረድበትም። ከሁሉ የሚከፋው ግን የሰዋስው ጉድለቱ ነው። «አወጣ» ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ አውጪ፣ የሚወጣ፣ የሚወጣበትም ስፍራ። ዕውቀት እንደ ታዳጊ ከውጭ መጥቶ ሰውየውን ጎትቶ ሌላ ቦታ ያደርሰዋል። ትምህርቱ ይህን አይልም። ያው ሰው ባለበት ቦታ፣ የያዘውን ነገር እንደ ሆነው ሲያየው፣ መያዙ ይላላል።

«ፈታ» ግን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ዋድላ ከላስታ ጎን ናት፤ በቅኔ ትምህርት ዋድላ፣ ዋሸራና ጎንጅ ከሚባሉት ሦስት ስመ ጥር መንገዶች የአንዱ ስም ነው። በቅኔ ቤት ምን እንደሚባል እንመልከት። ቅኔ ሲገባን «ፈታነው» እንላለን፤ ፍቺውም ትርጉሙ ነው። ገጣሚ ስንኝ «ይቋጥራል»፤ አድማጭ ይፈታል። እንቆቅልሽ ይፈታል፤ ሕልም ይፈታል፤ የቃል ፍቺ ደግሞ የእኛ የመዝገበ ቃላት ሠራተኞች የዘወትር እንጀራ ነው። በዚሁ ግስ በቅሎ ይፈታል፤ እስረኛ ይፈታል፤ ካህን «ይፍታህ» ይላል። መረዳትንና ከእስራት መለቀቅን በአንድ ግስ የሚናገር ቋንቋ ለ«ፓኛቪሙቲ» አቻ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የሰምና ወርቅም ስልት ይህንኑ ይመሰክራል፤ ወርቁን ማወቅ ማለት ሰሙ መቅለጡ ነው፤ በመካከላቸው ሌላ እርምጃ የለም።

የምሳሌው ሌላ ወገንም ይገጥማል። ጽሑፎቹ ሰውን የሚይዙ አሥር ማሰሪያዎችን፣ «ሳምዮጃና»፣ ይቈጥራሉ፤ «ቋጠሮ» የሚሉትም ቃል አላቸው። ማሰሪያ «ነጻ አይወጣም»፤ ይፈታል። ከሁሉ የሚደንቀው የ«ተ» ምዕላድ ነው። «ገመዱ ተፈታ» ስንል ማን እንደ ፈታው አንናገርም፤ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ራሱ ላልቶም ሊሆን ይችላል። ፈጻሚውን ሳይጠራ ድርጊቱን የሚናገር ግንባታ ራስ የሚባል ቋሚ ነገር ለማያምን ፍልስፍና ምን ያህል እንደሚመች ተርጓሚዎች ያውቁታል። ከተፈታ በኋላ «ተፈትቻለሁ» ብሎ ማወቅም በጽሑፎቹ ራሱን የቻለ ስም አለው፤ «ቪሙቲኛና»። «የመፈታት ዕውቀት» ብንለው ከ«ፈቺ ዕውቀት» ይለያል፤ አንዱ ሲፈታ የሚሠራው፣ ሌላው ከተፈታ በኋላ የሚታወቀው ነው።

ተቃውሞ መኖሩን አንክድም። «ፍትሐት» በቤተ ክርስቲያን የኃጢአት ይቅርታና የሙታን ጸሎት ነው፤ «ፍትሕ» የዳኛ ነው፤ «ፈት» ባሏን የፈታች ሴት ናት፤ «ሥራ ፈት»ም አለ። ስለዚህ «ፍትሐት»ን እንተወዋለን፤ የተያዘ ቤት ነው። «መፈታት» እና «ፈቺ» ግን ባለቤት የላቸውም።

የ«ኒርቫና»ን ነገር በአጭሩ እንለፈው። ቃሉ የእሳት መጥፋት ነው። በአማርኛ መብራት ሲጠፋ ምንም ጥፋት የለም፤ ሰው ሲጠፋ ግን ኰብልሏል ወይም ተኰንኗል። ትክክለኛው ትርጉም የተገላቢጦሹን ስለሚያሰማ ቃሉ እንዳለ ቢወሰድ ይሻላል። «ታንሃ» ግን በሚያስደስት ሁኔታ ይተረጐማል፤ ሥጋዊ ጥምም ሆነ ምኞት በሁለቱም ቋንቋ አንድ ቃል ነው፤ «ጥማት»። ስለ «ቢኩ»ም እንዲሁ አንድ ነገር ልብ ይባል፤ «መነኵሴ» ማለት ተለምዷል፤ «መነኵሴ» በግሪክኛ ሥሩ ብቸኛ ሲሆን «ቢኩ» ግን ለማኝ ነው። ኮሮጆውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጅ ለደጅ ለምኖ የሚማረው የቆሎ ተማሪ በዚህ በኩል ከመነኵሴው ይልቅ ይቀርበዋል። ስያሜው ይለወጥ አንልም፤ በግርጌ ማስታወሻ ቢገለጽ ግን የኢትዮጵያ አንባቢ ወዲያው ይገባዋል።

የአጻጻፍ ነገር

ፓሊ ለእኛ ፊደል የማይመች ቋንቋ አይደለም። አውሮፓውያን በምልክት የሚጽፉትን ድምፅ በ«ኘ» በቀጥታ እንጽፈዋለን፤ «ኛና»፣ «ፓኛ»፣ «ቪኛና»። ችግሩ ጥብቀትን ፊደላችን አለማሳየቱ ነው። ሥቃይ ለማለት «ዱካ» ብለን ብንጽፍ አንባቢ የእግር ኮቴ ወይም መቀመጫ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ባይተረጐም እንኳ «ዱክሃ» ይጻፍ። ዋናው ስም ከዚህ የባሰ ነው። ጥብቀቱና ትንፋሹ ቢቀር «ቡዳ» ይሆናል፤ በአማርኛም ቡዳ በዐይኑ ሰው የሚበላ ነው፤ ይህም ስም በሸማኔው፣ በሸክላ ሠሪውና በቀጥቃጩ ላይ ሲለጠፍ ኖሯል። «ጠይብ» የተባለው ባለ እጅ ከ«ጠቢብ» ጋር አንድ ሥር ያለው ሆኖ ሳለ ጥበቡ ለስድብ መዋሉ ሌላ ጽሑፍ የሚፈልግ ነገር ነው።

ከዚህ በላይ ባልነው መሠረት ለውይይት የምናቀርባቸው ስያሜዎች እነዚህ ናቸው፦

አቪጃ፦ አለማወቅ። («ድንቁርና» አይባል።)

ኛና፦ ዕውቀት። («አእምሮ» አይባል፤ ይህ ለ«ቺታ» ይቆይ።)

ፓኛ፦ ማስተዋል።

ቦዲ፦ መንቃት። «አብርሆት» ለአውሮፓው ዘመን ይተው።

ቪሙቲ፦ መፈታት። ፓኛቪሙቲ፦ በማስተዋል መፈታት። በመፈታት የሚያልቀው ማወቅ በጥቅሉ «ፈቺ ዕውቀት»፤ ከተፈቱ በኋላ መፈታትን ማወቅ «የመፈታት ዕውቀት»።

ቡድሃ፦ በዚህ አጻጻፍ ብቻ፤ «ድ» ጠብቆ ይነበባል። አንዳንድ ሰው «ቡ» የሚለውን ለይቶ «ድሃ» ብሎ ቢያነብ፣ መንግሥቱን ትቶ ለወጣ ልዑል ከ«ቡዳ» ይልቅ ይሻለዋል።